ሐምሌ 19 ሌሊት ባቡር ላይ የተደረገልን

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ካወጣኸን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ለቁልቢው ገብርኤል ተስዬ ስለነበር ነው ይሄን የምጽፈው።

እኔና አብሮ አደጌ ጀርመን ነው የምንኖረው። ክረምት ላይ እረፍታችን ሲገጥም ቦርሳችንን አዝለን በኢንተርሬል አውሮፓን እንዙር ተባባልን፣ ኢንተርሬል በአንድ ፓስ የብዙ አገር ባቡር የሚያስኬድ ነው፣ የሌሊት ባቡር ላይ ግን ለቦታው ለብቻ ያስከፍሏችኋል። ፕራግ ሄድን፣ የካሬል ድልድይ ላይ በሰው መሀል እየተጋፋን ፎቶ ተነሳን፣ ሳልዝቡርግ ምሽጉን ወጣን፣ ከዛ ከሙኒክ ወደ ሮም በሌሊት ባቡር። ሮም ያጓጓን ቫቲካን ግቢ ውስጥ ያለው የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተክርስቲያን ነው።

ጓደኛዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፣ ታይፕ ዋን የሚሉት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። እኛ ያለንበት ጋ ሰው ሞልቶ ማንኮራፋት በቃ አይጣል ነው፣ ስልኳን እኔ ጋ ቻርጅ ላይ ትታ ሌላ ፉርጎ ባዶ ወንበር አግኝቻለሁ ብላ ሄደች። መለኪያዋም ኢንሱሊኗም ከረሜላዋም ፓስፖርቷም ያለበት ቦርሳ እኔ ጋ ነው።

እነዚህ ባቡሮች ኦስትሪያ ላይ በሌሊት ይቆራረጣሉ፣ ግማሹ ፉርጎ ወደ ሮም ግማሹ ወደ ቬኒስ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነቅቼ ላያት ስሄድ የመጨረሻው በር ተቆልፏል፣ በመስታወቱ ሳይ ሀዲዱ ብቻ ነው ወደኋላ የሚሮጠው፣ እሷ ያለችበት ፉርጎ የለም! ተቆጣጣሪው ወደ ቬኒስ ሄዷል፣ ጠዋት ታገኛታለሽ አለኝ። ማታ ኢንሱሊን ተወግታ እራቷን በደንብ አልበላችም፣ ሌሊት ስኳሯ ከወረደ የሚያያት የለም። ተንበረከኩ፣ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። ቂርቆስን ከነእናቱ ከፈላ ውሃ ያወጣህ፣ ዛሬ በቀንህ ድረስላት፣ ቁልቢ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፣ ሲቃ ይዞኝ ነበር።

ሊነጋ ሲል ስልኬ ጮኸ፣ ከአዲስ አበባ የጓደኛዬ እናት ናቸው። «ልጄ አታልቅሺ፣ ደህና ናት፣ ሐበሻ አግኝታለች» አሉኝ። እማማ ለንግሱ ገብርኤል ማኅሌት ላይ ነበሩ፣ ቤተክርስቲያን ስልክ ይዘው አይሄዱም፣ የማያውቁትን የውጭ ቁጥር ደግሞ በጭራሽ አያነሱም፣ ያን ለሊት ግን ይዘውም ሄደዋል አንስተውም ነበር። ጓደኛዬ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር ደግሞ የሳቸውን ብቻ ነው።

ለካ ስኳሯ ወርዶ ላብ አጥምቋት ስትንቀጠቀጥና ስትቀባጥር ሰው ሰክራለች ብሎ ፊቱን አዙሮባታል። አንዲት እናት ግን ጣልያን አገር ባዳንቴ ናቸው (ሽማግሌ የሚጦሩ ማለት ነው)፣ ሙኒክ እህታቸውን ጠይቀው ሲመለሱ የቀኑ ባቡር አምልጧቸው ነው በሌሊቱ የተሳፈሩት፣ የገዛ ልጃቸው አዲስ አበባ ታይፕ ዋን ስላለበት ገና ሲያዩዋት ገባቸው። ጁስ አጠጧት፣ ትንሽ ቆይተው ዳቦ ጨመሩላት፣ እራሷን ስታውቅ ስልካቸውን ሰጧት። የቀኑ ባቡር ባያመልጣቸውስ? እኔ አጋጣሚ የሚለኝን ሰው አልከራከርም፣ ግን አልቀበለውም።

ቦሎኛ ወርጄ በፈጣን ባቡር ወደ ቬኒስ ተመለስኩ፣ ጣቢያው ላይ ተቃቅፈን ተላቀስን። የዛን ቀን እትዬ እራሳቸው አዞሩን፣ የውሃው ባስ ለ75 ደቂቃ 9 ዩሮ ከ50 ነው ብለው በእግር (እውነትም ዘረፋ ነው)። ቅዱስ ማርቆስ ስንደርስ ትከሻ ተራቁቶ አይገባም፣ የጓደኛዬ ነጠላ እዛ ሰራልን። እ.ኤ.አ. በ828 ነጋዴዎች አጽሙን ከእስክንድርያ በስውር ያመጡት እዚህ ነው፣ በ1968 ከፊሉ ለግብፅ ሲመለስና የካይሮው ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይም እዛ ነበሩ። ጳጳስ ለስንት ዘመን ከማርቆስ መንበር ሲላክልን ኖረን እኛ በእቅዳችን ላይ ቬኒስን አልጻፍንም ነበር። ሮምን በኋላ ደረስንባት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

እትዬ ለልጃቸው ኢንሱሊን እየገዙ ይልካሉ፣ ካዩት አምስት አመት አልፏል፣ ወረቀታቸው አላለቀላቸውም። በጸሎታችሁ እናትና ልጁን አስቡልኝ።