ልጅ አቅፌ ያነበብኳቸው መጻሕፍት

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን፣ መጀመሪያ ያነበብኩት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ሃይስኩል ሳለሁ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ፣ ያሉበትን ገጽ እየፈለግኩ፣ ሌላውን እየዘለልኩ ጨረስኩት። ያለቀስኩትም ለእነሱ ነበር። ባለፈው ዓመት እንደገና ስጀምረው ልጄ ስድስት ወሯ ነው። በዚህኛው ዙር ገና መጀመሪያው ላይ እንባዬ መጣ። ያስለቀሰችኝ ውድነሽ በጣሙ ናት፣ የበዛብህ እናት።

ውድነሽ ልጇ እንዲተርፍላት ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ተሳለች። በተማሪነቴ በጣም ተናድጄባት ነበር። ልጁ ሳይጠየቅ እንዴት ይሰጣል እል ነበር። አሁን ግን መናደድ አቃተኝ። ልጄ በአራት ወሯ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ተኝተን ነበር። ትንፋሿን እየቆጠርኩ ባደርኩበት ሌሊት እኔም ተስያለሁ። ከዳነችልኝ ለማርቆስ ጥላ አስገባለሁ አልኩ። በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ስጪ ብባል የምከለክለው አልነበረኝም። ስለዚህ ውድነሽን አውቃታለሁ። ዕዳውን የከፈለው ግን በዛብህ ነው። ሰብለን ሲወድ እንዳያገባት ያ ስለት መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። እናት ብትሳል ከራሷ እጅ በሚወጣ ነገር ትሳል እላለሁ። የልጅ ዕድሜ የእናት ገንዘብ አይደለም።

እንዴት ጊዜ አገኘሽ የሚሉኝ እናቶች አሉ። ቀን ቀን፣ ልጄ ስትተኛ አነባለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። እሷ ስትተኛ እኔም እተኛለሁ፣ ወይ ልብስ አጥባለሁ። የሠራልኝ ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጡት ስትነሳ ትንሿን የባትሪ መብራት ከኋላዬ አስቀምጣለሁ፤ የስልክ ብርሃን ዓይኗን እየወጋ ያነቃት ነበር። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በአንድ እጅ አይያዝም። ትራስ ላይ ዘርግቼ ገጹን በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። አምስት ገጽ፣ አንዳንዴ ሁለት። እንቅልፍ ሲጥለኝ አልታገልም። አንዴ ታግዬ አንገቷ ተጣሞ አግኝቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሲከብድ መጽሐፉ ይዘጋል።

እንጀራ ስጋግር ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ የተረከውን በስልኬ እከፍታለሁ። ጉዱ ካሳን የወደድኩት ያኔ ነው። ረጅም ንግግሩን ሳነብ እዘለው ነበር፤ በድምፅ ሲመጣ ግን ምጣዱን ትቼ የቆምኩበት ቀን አለ። ሰው እብድ የሚለው ካሳ ዳምጤ ከሁሉም ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ተሰማኝ። ከባድ መጽሐፍ ያስቸገራት እናት መጀመሪያ በጆሮዋ ትሞክረው።

የሰብለን አባት፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ መጥላት ቀላል ነው። ኩሩ ናቸው፤ ለሰብለ የሚመጥን ባል አጥተው ልጅቷን አስቀሯት። ግን እኔም ልጄን አቅፌ "ለአንቺ ማን ይበቃል?" እያልኩ እዘፍንላታለሁ። ይህን ያስተዋልኩ ቀን ደነገጥኩ። ዘፈኑን አልተውኩትም፣ ቃሉን ግን ቀየርኩት።

እርጉዝ ሆኜ ያነበብኩት የአቤ ጉበኛን አልወለድምን ነው። እሳቸውም የጎጃም ሰው ናቸው። መጽሐፉ በ1955 ወጥቶ ታግዶ ነበር። ፅንሱ ድህነትና ግፍ በሞላበት ዓለም አልወለድም ብሎ ይሟገታል። ጎረቤታችን ርዕሱን አይተው "ምነው ልጄ፣ በዚህ ሆድሽ!" ብለው ከእጄ ሊወስዱብኝ ነበር። በእኔ እይታ አንዳንድ ቦታ ሙግቱ ታሪኩን ይጫነዋል። ጥያቄው ግን ከውስጤ አልወጣም። ልጄ ስትራገጥ "ምን ዓይነት አገር ነው የምታመጪኝ?" ያለችኝ ይመስለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ ሆዴን እየዳበስኩ ዝም እላለሁ።

አሁን በእግሯ ትሄዳለች። መጽሐፍ ስገልጥ ካየች መጥታ ገጹን ትይዛለች። ሁለት ገጽ ተቀዶብኛል፣ በፕላስተር አያይዤዋለሁ። እሷ ባለችበት ለራሴ ማንበቡን ትቼ ተረት እነግራታለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ለልጆች ተረት ተረት የመሠረትን የጻፉት በ1948 ነው፣ ከፍቅር እስከ መቃብር አስር ዓመት ቀድመው። እሱን እስካገኝላት ድረስ እናቴ የነገረችኝን እነግራታለሁ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን "ተረት ተረት" አልኳት። "መሰየት!" አለችኝ፣ ጮክ ብላ።