መልስ እንጂ ጥያቄ አላስተማሩንም

ዲቪ የደረሰው አንድ ጓደኛዬ በቀደም በቴሌግራም ደውሎ «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው፤ እዚያ ቋንቋው ምን ያስቸግራል?» አለኝ። ከልቡ ነው። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልስ አላጣም። የሚፈትነን ግን ራሳችን ጠያቂ ስንሆን ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ እንደመጣሁ የገባሁት፣ እንደ ብዙው ሐበሻ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ መስኮቱን ሲያወርድ «ዩ ሃቭ ቲኬት» አልኩት። በእኛ አገር «ቲኬት አለህ?» እና «ቲኬት አለህ» የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው። የእኔ ድምፅ ግን ለእሱ ጆሮ ጥያቄ አልሆነም፤ ክስ መሰለው። አለቃዬን አስጠራ። አለቃዬም በተሰለፉት መኪኖች ፊት «ዱ ዩ ሃቭ ዮር ቲኬት፣ ሰር?» እያለ እንደ ሕፃን አስደገመኝ። አንዴ አልበቃውም፤ ደግሞ፣ ደግሞ። ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ሲደረግ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

ይባስ ብሎ ያው አለቃ ጠዋት ጠዋት «ዩ ዎንት ኮፊ?» ነበር የሚለኝ። «ዱ»ን እሱም ይውጣታል። እነሱ ሲውጧት ወዳጅነት፣ እኛ ስንውጣት ብልግና! ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሕጉ ራሱ ከባድ አይደለም። «ዱ» ወይም «ደዝ» ከፊት ይቆማል፣ ባለቤቱ ይከተላል፣ ግሱ ባዶውን ይቀራል። «ሺ ዎርክስ» የነበረው «ደዝ ሺ ዎርክ?» ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የነበረችውን «ስ» «ደዝ» ወስዷታል። «ኢዝ» እና «ካን» ካሉ ግን ራሳቸው ወደ ፊት ይወጣሉ እንጂ «ዱ» አይፈልጉም። ይህን ሁላችንም ፈተና ላይ አክብበን አልፈናል። አፋችን ግን አልለመደውም። ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው መምህሩ ነበራ! ብዙ የሚጠይቅ ተማሪ ደፋር ይባል ነበር፤ አለቃን ስለ ደመወዝ መጠየቅማ ጭራሽ ነውር።

እዚህ ሰው በመጀመሪያው ቀን ስለ ገንዘቡ ይጠይቃል፤ ማንም አይቀየመውም። ለእኔ ይሉኝታ ማጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በይሉኝታ ሳይጠይቁ ፈርመው፣ መብራቱም ውኃውም ከኪራዩ ውጭ ሆኖ ያገኙትን የአገሬን ልጆች ሳይ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

የዜግነት ፈተና ሳጠና «ዋት ደዝ ዘ ኮንስቲትዩሽን ዱ?» የሚል ጥያቄ ነበር። የፊተኛው «ደዝ» ጥያቄ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ የኋለኛው «ዱ» ደግሞ ሥራውን ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። እዚያም ቢሆን የምንመልሰው እኛው ነን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እንግሊዝኛህን በመልስ ብቻ አትለካው። «ደዝ ዚስ ባስ ጎ ቱ ሲልቨር ስፕሪንግ?»፣ «ደዝ ዘ ሬንት ኢንክሉድ ኤሌክትሪሲቲ?» እያልክ ከአሁኑ ጮክ ብለህ ተለማመድ። ከሁሉም በላይ «ዱ ዩ ፔይ ኦቨርታይም?» የምትለውን። እዚህ በሰዓት ለሚከፈለው ለአብዛኛው ሠራተኛ ሕጉ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለው ይላል። አሠሪው ራሱ ላይነግርህ ይችላል፤ ሥራውን እሺ ከማለትህ በፊት ጠይቀው።