ያሁ ስድብ ነበር ለካ

የመጀመሪያ ኢሜይሌን የከፈትኩት በያሁ ነው፤ ኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ጠብቄ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ። ቃሉ ስድብ መሆኑን ያኔ ማን ነግሮኝ! ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ባሳተመው «የጉሊቨር ጉዞዎች» ውስጥ አንድ አገር አለ። እዚያ አስተዋዮቹ ፈረሶች ናቸው፤ ሰው የሚመስሉት ቆሻሻና ስግብግብ ፍጡራን ደግሞ ያሁ ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ያሁ ማለት ባለጌ፣ ስድ ማለት ሆኖ ቀረ። የኩባንያው መሥራቾችም ይህን እያወቁ ነው ስሙን የወደዱት።

እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ ሮቦት ነው። ይህን እንግሊዝኛ ራሱ ከቼክኛ ነው የተዋሰው። ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ፋብሪካ የሚያመርታቸው ሠራተኞች አሉ፤ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ቸግሮት ሰዓሊ ወንድሙን ዮሴፍን ቢያማክረው ሮቦት የሚለውን አቀበለው። «ሮቦታ» ጭሰኛ ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ አያቶቻችን አሳምረው የሚያውቁት ዓይነት። ደግሞ የቻፔክ ሮቦቶች ብረት እንዳይመስሏችሁ፣ ሥጋ ለባሽ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያምፃሉ።