ከሲያትል እስከ ቢቨርክሪክ፦ ድብቅ ሣጥን ፍለጋና የምዝገባው ጣጣ

ሲያትል የሄድኩት ሦስት ሣጥኖች ፍለጋ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ስለሚኖር ማደሪያ አላሳሰበኝም፤ የቀረኝ ትኬት መቁረጥና ከሥራ እረፍት ማግኘት ነበር። ከሜሪላንድ ተነስቶ እዚያ እስኪደረስ በረራው ይረዝማል። ከዚያ በላይ ስለ በረራው የምለው የለኝም።

ጂኦካሽንግ የሚባለውን ይህን የሣጥን ፍለጋ ጨዋታ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ወይም ጣት የምታህል ብልቃጥ ጫካ ውስጥ፣ ድልድይ ሥር ወይም መናፈሻ አጥር ላይ ይደብቅና ቦታውን በሳተላይት የሚያሳየውን የጂፒኤስ ቁጥር በድረ ገጽ ያወጣል። ሌላው ቁጥሩን ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ዕቃ ከወሰደ ዋጋው የማያንስ ዕቃ ይተካል፤ ሣጥኑን እንደነበረ ይመልሳል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ማግኘቱን በኢንተርኔት ይመዘግባል። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ችላ ይላታል። እኔ ግን ከሁሉም የምጠነቀቀው ለእሷ ነው። ደባቂው በራሱ ጊዜና ገንዘብ ሣጥን ገዝቶ፣ ቦታ መርጦ፣ ወረቀቱ ሲረጥብ በዝናብ ሄዶ የሚቀይር ሰው ነው። የሚያገኘው ክፍያ ቢኖር አንተ የምትጽፍለት ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው።

ፍሪሞንት የሚባለው የሲያትል ሰፈር የጨዋታው ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ነው። የእንግዳ ክፍላቸው ውስጥ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ያመጣውን ትቶ ሌላ ይወስዳል። እኔ እናቴ የሰጠችኝን ትንሽ የሐረር ስፌት ትቼ ከጀርመን የመጣ የብረት ሳንቲም ወሰድኩ። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። መዝገቡ ላይ ስሜን፣ ቀኑንና «ከድሬዳዋ ልጅ፣ ምስጋና» የሚል በአማርኛ ጻፍኩ። ከእኔ በላይ ጃፓንኛ፣ ከሱ በላይ ቼክኛ የሚመስል ጽሑፍ ነበር። ደስ አለኝ።

እዚያው ሰፈር ውስጥ ከስሎቫኪያ የመጣ የሌኒን ሐውልት ቆሟል። አዲስ አበባ የራሷን ሌኒን በግንቦት 1983 ስትጥል ለሚያስታውስ ሰው ይህን ከቡና ቤቶች መሃል ቆሞ ማግኘት ምቾት አይሰጥም። ፎቶ ሳላነሳ አለፍኩ።

የምዝገባው ችግር የጀመረው ያን ዕለት ማታ ነው። የምጠቀምበት አፕ የጨዋታው ድርጅት ሳይሆን ሌሎች የሠሩት፣ በነፃ የሚገኝ ትንሽ መተግበሪያ ነው። በአማርኛ ጽፌ ላክሁ፤ «ተልኳል» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ገጹን ስከፍት ከጽሑፌ የተረፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ሦስት መስመር ሙሉ የጥያቄ ምልክት። እንዲህ የሚሆነው አፑ በመሃል ጽሑፉን የላቲን ፊደል ብቻ ወደሚያውቅ አሮጌ አሠራር ሲቀይረው ነው፤ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ አንዴ ከተተካ ደግሞ ዋናው አይመለስም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ይህ ጨዋታ ከመወለዱ በፊት። ስለዚህ ቴክኖሎጂው ገና አልደረሰልንም የሚል ሰበብ አልቀበልም። ደርሷል፤ የሠራው ሰው አልሞከረውም እንጂ።

«አቦ ተወው ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ጻፍላቸው» አለኝ የአክስቴ ልጅ።

አልተውኩትም። ጃፓኑ በራሱ ፊደል ጽፏል።

በማግሥቱ ሁለተኛው ሣጥን ወዳለበት፣ ስኖኳልሚ ወደሚባለው የተራራ ዋሻ ወጣን። ከሲያትል በአይ-90 መንገድ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሃያክ የሚባለው ቦታ መኪና ማቆሚያ አለ፤ የቀን ፈቃዱ 10 ዶላር። ዋሻው የድሮ ባቡር መንገድ ነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ዛሬ እግረኛና ብስክሌተኛ ይሄድበታል። ርዝመቱ 3.7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል፣ በፈረንጆቹ ወር ማለቴ ነው። እኔ ያደግኩት ለገሃር አጠገብ ነው፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐዲድ የተነቀለበት ዋሻ ውስጥ መግባት ለእኔ ሽርሽር ብቻ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የባቡሩ ጥላሸት ያለ ይመስላል፤ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የሄድኩት። አሜሪካኖቹ ባቡሩ ሲቀር መንገዱን ለሰው እግር አስተረፉት። ድሬዳዋም የድሮው መስመር ሐዲድ በየቦታው ከሚሸረፍ እንዲህ ቢደረግለት ብዬ ተመኘሁ፤ ይህን ያልኩት ለአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱ ግን እየተንቀጠቀጠ ስለነበር አልመለሰልኝም።

ብርዱ እውነት ነው። ውጭ ሰው በካናቴራ ይሄዳል፤ ውስጥ ትንፋሽህ ይታይሃል። ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ ስንደርስ የእኔ የግንባር ባትሪ ሞተ። በስልክ መብራት እየሄድን ሳለ ከፊታችን የሚመጡ አሮጊትና ሽማግሌ ቆሙ። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ ከቦርሳዋ ትርፍ መብራት አውጥታ ሰጠችኝ። «እንዴት ልመልስልሽ?» ስላት «ማዶ ያለው ሣጥን ውስጥ ተውልኝ፣ ሌላ ሰው ይጠቅመዋል» አለች። እነሱም ከሣጥኑ እየተመለሱ ነበር። ማንነታቸውን አላወቅሁም፤ መዝገቡ ላይ ከእኔ በፊት የተጻፈው የጨዋታ ስም የእነሱ መሆን አለበት።

ሣጥኑ ከዋሻው ምዕራብ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ዛፎች መሃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአንድ ፊልም ማስታወቂያ ተብለው በየአገሩ ከተደበቁት አንዱ ነው፤ ከእነዚያ የተረፉት ይህና ብራዚል ያለው ብቻ ናቸው። ይኸኛውም ለዓመታት ጠፍቶ ነበር። እዚህ ቦታ ላይ ጂፒኤስ ያወላውላል። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቦታህን ለማወቅ ስልኩ ቢያንስ የአራቱን ምልክት በአንድ ጊዜ መስማት አለበት፤ ተራራው የሰማዩን ግማሽ ሲጋርድና ምልክቱ ከገደል ከዛፍ እየተላተመ ሲመጣ ቀስቱ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይላል። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ እንደ ደባቂ ያስባል፦ እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር? የአክስቴ ልጅ ነው ያገኘው። የጩኸቱን ነገር አላነሳውም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ብርዱ አንድም ቃል አልወጣውም። መብራቱን አደራ እንደተባልኩት ትቼ፣ በስልክ ብርሃን ተመለስን።

እዚያ ኔትወርክ የለም። አፑ «ከመስመር ውጪ አስቀምጬዋለሁ፣ ስትገናኝ እልከዋለሁ» ይላል። ይህ ጥሩ ነው፤ ያለዚህ ተራራ ላይ መጫወት አይቻልም። ግን ሃያክ ስንደርስ ደካማ ምልክት ገባ፤ አፑ ላከ፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ መዘገበ፤ «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ ግን ወደ ስልኬ ሳይደርስ ምልክቱ ጠፋ። አፑ ያልሄደ መስሎት እንደገና ላከ። ከዚያም እንደገና። ማታ ስከፍተው አንዱን ሣጥን ደጋግሜ እንዳገኘሁ ተመዝግቧል፤ ቁጥሬም ከፍ ብሏል። በየምዝገባው ለደባቂው ኢሜይል ስለሚደርሰው አንድ የማላውቀው ሰው በእኔ ስም በተደጋጋሚ የጥያቄ ምልክት ተልኮለታል። ይህ አሳፈረኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ባይሆንም በእኔ ስም ነው የሄደው። ትርፎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ምዝገባ ስልኩ ላይ ሲጻፍ የራሱ መለያ ቁጥር ቢሰጠው፣ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ «ይህን ይዤዋለሁ» ብሎ ይመልሰዋል። የባንክ አፖች ገንዘብ ሁለቴ እንዳይቆረጥ የሚያደርጉት በዚህ ነው።

ሲያትል ሌላ ምንም ሳንሠራ፣ ሬይነር መንገድ ላይ ጥሩ ክትፎ በልተን፣ ወደ ኦሪገን ወረድን። እስከ ፖርትላንድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ቢቨርክሪክ አካባቢ ያለው፣ የጨዋታው የመጀመሪያ ሣጥን የተደበቀበት ቦታ ቁጥሩ ሰሜን 45° 17.460፣ ምዕራብ 122° 24.800 ነው። በዚህ ጨዋታ ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን ከነጥቡ በኋላ ያለው የደቂቃው ክፍልፋይ ነው። የመኪናው መንገድ መሪ ካርታ ግን 45.17460 እና 122.24800 አድርጎ አነበበው። ልዩነቱ ከላይ ሲያዩት ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ መሬት ላይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተከትለነው ከእርሻና ከጥድ መሃል አንድ የተዘጋ የብረት በር ፊት ቆምን። «ደርሰዋል» አለ መንገድ መሪው። ውሻ እየጮኸ መጣ፤ ከኋላው ትራክተር ላይ ያለ ሰው። በትሕትና አስረዳነው። ሰምቶ ሲጨርስ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በደረሰኝ ጀርባ ላይ መንገዱን ሥሎ ሰጠን። ያ ካርታ ከመኪናው ካርታ ይልቅ ትክክል ነበር።

የጨዋታው ታሪክ እዚህ ይጀምራል። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሜይ 1 ቀን 2000 ማዛባቱ እንዲቆም አዘዙ፤ በዚያው ሌሊት ዓለም ሁሉ የያዘው መቀበያ በድንገት ትክክለኛ ሆነ። ሜይ 3 ቀን ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ይህን ለመፈተን እዚህ ጫካ ጥቁር ባልዲ ቀብሮ፣ ውስጡ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌርና የታሸገ ባቄላ አድርጎ፣ ቁጥሩን በኢንተርኔት አወጣ። በቀናት ውስጥ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄረሚ አይሪሽ የዛሬውን ድረ ገጽ ሲከፍት ዓለም ላይ የሚታወቁት ሣጥኖች 75 ነበሩ፤ አሁን በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ባልዲው በነበረበት ቦታ ዛሬ መሬት ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ትንሽ ነው፤ ጫካውም ተራ ጫካ ነው። ሆኖም የአክስቴ ልጅ ኮፍያውን አወለቀ፤ እኔም አወለቅሁ።

አጠገቡ ያለው መዝገብ ላይ በአማርኛ ረጅም ጻፍኩ። ሰዓቱን ሳይ ከቀኑ 12 ሰዓት አልፏል።

ኦሪገን ሲቲ ያደርንበት ሞቴል የከፋ ነበር። ስንገባ የተነገረን አንድ ዋጋ፣ ስንወጣ ደረሰኙ ላይ «የጽዳት» የተባለ 25 ዶላር ተጨምሮበታል። ጽዳቱ ደግሞ አልነበረም፤ አንሶላው ላይ የሌላ ሰው ፀጉር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የጭነት ባቡር ያልፋል፤ የአክስቴ ልጅ ትራስ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲገላበጥ አደረ። ባቡሩ እኔን አልረበሸኝም፤ እንደ ቤቴ ነው የሰማሁት። እንቅልፍ የነሳኝ ያው አፑ ነው። በጥያቄ ምልክት እንዳይሞላ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ልኬ ነበር፤ ቀኑን የነገውን አድርጎ መዘገበው። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት፦ አፑ ቀን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ ኦሪገን በበጋ ከሱ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የተላከ ሁሉ የነገ ይሆናል። ወረቀቱ አንድ ቀን፣ ድረ ገጹ ሌላ ቀን። ደባቂው ሁለቱን ሲያመሳክር እኔ ውሸታም ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ተነሳና «ወረቀቱ ላይ ፈርመሃል አይደል ጋሼ? ምን ጎደለህ?» አለኝ።

የጎደለው ይህ ነው፦ ወረቀቱን የሚያነበው ጫካ የሄደ ሰው ብቻ ነው። ድረ ገጹን ግን ደባቂው ጠዋት ቡናውን ይዞ ያነበዋል። እዚያ ላይ ቀኔ ልክ፣ ስሜም በፊደሌ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አፑን ዘግቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። በብሮውዘር በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ ገብቼ የሦስቱንም ምዝገባ አረምኩ፤ አማርኛው አንድ ፊደል ሳይጎድል ገባ፤ ቀኑንም በእጄ መርጬ አስተካከልኩ። ከታች ለደባቂዎቹ እንዲገባቸው አጭር እንግሊዝኛ ጨመርኩ። ለአፑ ሠሪዎችም ሦስቱን ችግሮች ዘርዝሬ ጻፍኩ። መልሰዋል፤ የአማርኛ ናሙና ጠየቁኝ፤ የሀሁ ገበታን ከሀ እስከ ፐ ላክሁላቸው። እስካሁን አልተስተካከለም፤ እኔም ተራራ ላይ አፑን ለማንበብ ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ ሰዓትና ቀን በደብተር ይዤ ምዝገባውን ቤት ስገባ በብሮውዘር እሠራለሁ። በሌላ ፊደል የምትጽፉ ሁሉ እንዲሁ አድርጉ፤ ችግሩንም ለሠሪዎቹ ጻፉላቸው፤ ብዙ ሰው ሲጽፍላቸው ይሰማሉ።

ከሳምንት በኋላ ከዋሻው ሣጥን ጠባቂ ኢሜይል መጣልኝ። አማርኛውን ተርጓሚ ውስጥ ከቶ አንብቦታል፤ ስለ አባቴ ባቡር የጻፍኩትን መስመር ለይቶ አመስግኖኛል፤ መብራቱም ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ነግሮኛል። ለሚቀጥለው ዓመት ካንሳስ ያለውን ሚንጎ የሚባለውን አስቤያለሁ፤ ከሜይ 2000 ጀምሮ ያለ፣ እስከዛሬ ከሚሠሩት ሁሉ አንጋፋው ነው። የአክስቴ ልጅ ከወዲሁ የእረፍት ፈቃድ ጠይቋል።