ነፋስን በውሃ ገንዳ ማቆየት

ነፋስ በተፈለገ ሰዓት አይነፍስም። በነፈሰ ጊዜ ውሃን በፓምፕ ወደ ከፍታ ገፍቶ ማጠራቀም፣ ጸጥ ሲል ደግሞ ያንኑ ውሃ ለቆ ማሽን ማዞር የሚለው ሐሳብ፣ ባትሪም ጄነሬተርም ስለማይጠይቅ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያጓጓኝ ቆይቷል። ጉጉቴ የበረደው እርሳስ አንሥቼ ሒሳቡን የሠራሁ ዕለት ነው።

10,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በ10 ሜትር ማማ ላይ ተቀምጧል እንበል። ይህ 10 ቶን ውሃ ወደ ታች ሲወርድ የሚሰጠው ኃይል 981 ኪሎጁል፣ ማለትም 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የውሃው መንኮራኩር ከዚህ ውስጥ 70 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ እንኳ፣ 1 ኪሎዋት የሚፈልግ ወፍጮ የሚዞረው ለ11 ደቂቃ ያህል ነው። 10 ቶን የሚሸከም ማማ ለ11 ደቂቃ!

ያው ውሃ ከ100 ሜትር ቢወርድ ግን የሚሰጠው ኃይል አሥር እጥፍ ስለሚሆን፣ ነገሩን የሚወስነው ከገንዳው ስፋት ይልቅ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በኤል ዬሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የነፋስና የውሃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የላይኛውን ገንዳ ያገኘው ከእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ውሃው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ በድምሩ 11.5 ሜጋዋት አቅም ያላቸው አምስት የነፋስ ተርባይኖችም አሉት። እርግጥ እዚያ የሚመረተው ኤሌክትሪክ ነው።

ተራራ የሌለው ሰው ሐሳቡን ይተወው ማለቴ አይደለም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ በቀጥታ ከነፋስ ጋር የተያያዘ ማሽን አንዴ ይከንፋል፣ አንዴ ይቆማል፤ ፓምፕ ግን ቢበረታም ቢዳከምም ያገኘውን ያህል ውሃ ይገፋል፣ ከገንዳው የሚወርደው ውሃም መንኮራኩሩን በእኩል ፍጥነት ያዞረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥም ቶማስ ኒውኮመን የፈለሰፋቸው፣ ወደላይና ወደታች ብቻ የሚንቀሳቀሱት የእንፋሎት ሞተሮች ማሽን አስተካክለው ማዞር ስላልቻሉ፣ የወረደውን ውሃ ወደ መንኮራኩሩ እንዲመልሱ ይደረግ ነበር።

ስለዚህ እኔ ብሠራው ገንዳውን ነፋሱ በሚዋዥቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ልክ አሳንሼ፣ የታችኛውን ውሃ መልሼ እየሳብኩ፣ እህሉን ነፋስ ባለበት ቀን ሁሉ አስፈጫለሁ፤ ለጸጥታው ቀን የሚቀመጠው ዱቄቱ ይሆናል።