ከቤዛዊት ኮረብታ ወደ ውኃው ዳር

ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው የጣናን ሐይቅ የሚያሳይ ሰፊ ሸራ ሲያዝዘን፣ ባለቤቱ ታንኳውም፣ የዓባይ መውጫም፣ ከተማውም በአንድነት እንዲታዩ ጠየቁ። ወጣቱ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበትን የቤዛዊትን ኮረብታ መረጠ። «ጋሼ፣ ከዚህ የማይታይ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሆኖም ባለቤቱ አስቀድመው የጠሩት ታንኳ ከዚያ ከፍታ ሲታይ ከብሩሽ ጫፍ ነጥብ አይበልጥም።

ዕቃችንን ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ወሩ ጥር፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለነበር፣ ፊታችንን ወደ ሰሜን ስናዞር ፀሐይዋ ከቀኝ ትከሻችን በስተኋላ ሆነች፤ የእያንዳንዱ ነገር አንዱ ጎን በርቶ ሌላው በጥላ ስለሚቀር ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣው እንዲህ ባለ ብርሃን ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ውኃውን ያናውጠው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ገና አልተወሰነም ነበር። አድማስ ምንጊዜም በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ልክ ይሰመራል፤ ስለዚህ ሠዓሊ የሚቆምበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን ዓይኑ ከውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ጭምር መምረጥ አለበት። ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ ባልደረባዬን መጀመሪያ ቆመህ፣ ቀጥሎም ውኃው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለህ ተመልከት አልኩት። ቆሞ ሲያይ ቀዛፊው እስከ ራሱ ድረስ በውኃው ቀለም ውስጥ ተውጦ ነበር፤ ዝቅ ሲል ግን የማገዶው ክምርና የሰውየው ራስ ከአድማሱ በላይ ወጥተው በነጣው ሰማይ ላይ ጠቆሩ። ከአንድ ሜትር ባነሰ የከፍታ ልዩነት የሥዕሉ ዋና ጉዳይ ከውኃው ወደ ሰውየው ተዛወረ፤ ይህን ምንም ዓይነት የቀለም ብልኃት ሊተካው አይችልም ብዬ አምናለሁ። ንድፉን ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጨረስን።

የሆቴሉ ባለቤት ንድፉን አይተው ታንኳውን ወደዱት፤ የዓባይ መውጫ የት እንደደረሰ ግን ጠየቁ። ባልደረባዬም የዓባይ መውጫና ከተማው ለብቻቸው ከቤዛዊት እንዲሳሉ፣ ከዚያ ከፍታ አድማሱ ወደ ላይኛው ጠርዝ ስለሚጠጋና ከሥሩ ያለው ምድር ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛው ሸራ ቁመቱ ከወርዱ እንዲበልጥ ሐሳብ አቀረበላቸው፤ እሳቸውም ተስማሙ።