ሁለት ማዳበሪያ መለዋወጫ ይዤ ደንገጎን ስወጣ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሞተር የሚወጣ ሰው ከፀሐይ ቀድሞ መነሳት አለበት። ረፋዱ ላይ ድሬ መጋል ትጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱ የጫት መኪና ነው። የጫት ሹፌር ፍሬን የሚይዘው ከወደደህ ብቻ ነው።

እኔ ለሽርሽር አይደለም የምወጣው። የባጃጅ መለዋወጫ ከኋላዬ አስሬ ሐረር ጋራዥ የማደርስ ሰው ነኝ። እዚህ ሥራ ላይ እንዴት እንደወደቅሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ረጅሙን ወሬ እኔም ጠግቤዋለሁ። አዲስ አበባ ትንሽ የማተሚያ ሥራ ነበረኝ። የሠርግ ጥሪ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር። ሸሪኬ ዕዳውን ለእኔ ትቶ ተሰወረ። ማሽኑ ተሸጠ፣ ኮንዶሚኒየሙ ተከተለ፣ ትዳሩም ብዙ አልቆየም። ልጄ ከእናቷ ጋር ቀረች። ማንም ያልተሻማብኝ ቀለሙ የለቀቀ ቦክሰር ሞተሬን ብቻ ነው። እሱን አይሱዙ ላይ ጭኜ ድሬ፣ አክስቴ ቤት ገባሁ።

አክስቴ የምትኖረው ከዚራ ሰፈር ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከዚራም ድሬዳዋም የባቡሩ ልጆች ናቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ከግርጌው ቆመ። ከተማዋም እዚያው በቀለች። ያ ባቡር ያቃተው የደንገጎ ዳገት ነው እንግዲህ የኔ የእንጀራ መንገድ።

መጀመሪያ ላይ ግን ዳገትም ሜዳም አልነበረም። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተኝቼ ጣሪያ ስቆጥር ወራት አለፉ። አክስቴ ምሳ ታስቀምጥልኛለች፣ ሳህኑን ትወስዳለች፣ አትጨቀጭቀኝም። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «የኔ ልጅ፣ ያ ሞተር ዝጎ ከሚያልቅ ተነስና አንድ ሰው ጋ ልውሰድህ» አለችኝ። መጋላ ሰፈር፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ወሰደችኝ።

ባለሱቁን ሁሉም «ሀጂ» ነው የሚለው። እኔ በአዲስ አበባ ልማዴ «እርስዎ» ስለው ፊቱን አጨማደደ። «አቦ ተወኝ! እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ» አለ። ስለ እኔ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ፣ ደንገጎን ትፈራለህ ወይ። ለምን ድሬ መጣህ አላለኝም። ኋላ አክስቴ ስትነግረኝ፣ የድሮ ሱቁን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ወስዶበታል። ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው አያምንም። ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያቋርጠዋል። በዚያ ሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ሀጂ ራሱ ስለዚህ ነገር ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ውሃ ወሰደው፣ ሌላ ከፈትኩ።» ከዚያ የካንዴላ ካርቶን አቀበለኝ።

የማወራችሁ በመስከረም አጋማሽ ስለወጣሁት ጉዞ ነው። ጭነቱ ሁለት ማዳበሪያ ነበር። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ጥቂት ስፖኪዮ። ከባዱ ታች ይገባል፤ ስፖኪዮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ። የሱቁ ልጅ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ አጥብቆ አሰረውና በእርግጫ ፈተነው። አልተነቃነቀም። «ሂድ» አለኝ።

ከከተማው እንደወጣህ ዳገቱ ይጀምራል። ኩርባ ነው፣ ኩርባ ነው፣ ደግሞ ኩርባ። ከላይ የሚወርደው ከባድ መኪና የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል። ሦስተኛ ማርሽ አልችል ይላል፣ ሁለተኛ ትገባለህ። ያኔ ራስህ ውስጥ ሌላ ሐሳብ የሚሆን ቦታ አይኖርም። ሰዎች ሞተር መንዳት ነፃነት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ሥራ ማስያዙ ነው። እጅህም፣ እግርህም፣ ዓይንህም፣ ጆሮህም ተይዟል። ስለ ዕዳ ማሰብ ከፈለግህ ዳር ይዘህ መቆም አለብህ።

አናቱ ላይ ልደርስ ስል ሞተሩ ማሳል ጀመረ። ለዚህ አዲስ አይደለሁም። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ላይ ስትወጣ ወደ 2,000 ትጠጋለህ። አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን ለቆላው እንደተስተካከለ ቤንዚኑን ይለቃል። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ዳር ይዤ ቆምኩ። ካንዴላውን ፈታሁት፤ ጥቁር፣ እርጥብ። በብርጭቆ ወረቀት ጫፉ እስኪነጣ ፈገፈግሁት፣ በአፌ እፍ አልኩት። መልሼ ሳጠብቀው ጣቶቼ በብርዱ አልታዘዝ አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ድሬ ላይ ላቤን ስጠርግ ነበር።

መንገድ ዳር በለስ የምትሸጥ አንዲት እናት እያየችኝ ነበር። አማርኛዋ ትንሽ፣ የኔ ኦሮምኛ ከዚያ ያነሰ። አንድ በለስ በቢላዋ ጫፍ ወጋች። ጫፍና ጫፉን ቆረጠች፣ በቁመቱ ሰነጠቀችው፣ ልጣጩን በሁለት አውራ ጣቷ ገልብጣ ፍሬውን ብቻ ዘረጋችልኝ። እሾህ አንድም አልነካትም። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰችው። አፌ ሞልቶ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሀጂ ነው።

«የት ደረስክ?»

«ደንገጎ።»

«እሺ፣ ቀስ በል።» ዘጋው።

ይቺ ጥያቄ ተራ ናት፤ አገሩ ሁሉ በቀን ስንቴ ይጠያየቃታል። ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ግን ስልኩ ሲጠራ «መቼ ትከፍላለህ?» ነው የሚሰማው። ቀጥሎ እሱም ያቆማል፤ ቁጥርህ ከሰው ስልክ ውስጥ ይጠፋል። የትም ብትሄድ፣ የትም ባትደርስ፣ ምሳ የሚቀዘቅዝብህ እንኳ የለም። ሀጂ የሚጨነቀው ለሸራው እንጂ ለእኔ ላይሆን ይችላል። ምንም አይደል። ሸራው ከኋላዬ ነው ያለው።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ በቁልቢ፣ በጭሮ፣ በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ልጄ በዚያ በኩል ነው ያለችው። መጀመሪያ ሰሞን እዚህ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ቆም እል ነበር። አሁን ፍሬቻ አብርቼ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። ማታ ግን እደውልላታለሁ። ባለፈው የላክሁላት ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ አውቶቡስ ላይ ተጨፍልቆ ደርሶ «አባ፣ ቅርጹ ጠፍቷል፣ ግን ይበላል» ብላኛለች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በልጧል። ሐረማያ ሐይቅ ላይ ውሃ አለ። ይህ ሐይቅ በአንድ ወቅት ጨርሶ ደርቆ ነበር። ፓምፑ ለጫትና ለአትክልት ሲመጥጠው፣ የሐረርም ውሃ ከዚያው ሲቀዳ፣ ደለሉም ሲሞላው አለቀ። ሐረር ያኔ በጥም ተሰቃየች፤ ኋላ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ዳገቱን በፓምፕ እየተገፋ መጣላት። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ ይዟል። አክስቴ ይህን ካየች ወዲህ «አንተም እንደ ሐረማያ ትመለሳለህ» ማለት ትወዳለች። አባባሏ ደስ ይላል፤ ግን ሐይቅ የባንክ ብድር የለበትም።

አወዳይ አልቆምም። መንገዱ ግማሹ ገበያ ነው። ጫት በእስር፣ ጫት በጆንያ፣ ጫት በአይሱዙ። መሬት የወደቀውን ቅጠል ፍየሎች እየቃሙ መሃል መንገድ ላይ ቆመው ያዩሃል። ጥሩምባ አይሰሙም።

ሐረር ጋራዡ ከግንቡ ውጭ ነው። ባለጋራዡ ማዳበሪያዎቹን ፈቶ አንድ በአንድ መቁጠር ሲጀምር ጊዜ እንደሚወስድ ስለማውቅ ወደ ጀጎል ገባሁ። ስለ ጅቡም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ስላስገነባው ግንብም፣ ስለ በሮቹም የጻፈ ሞልቷል፤ እኔ የሄድኩት ለጃኬቴ ዚፕ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይረግጣሉ። አንዱ ሽማግሌ ጃኬቱን ከላዬ ሳላወልቀው ጎተት አድርጎ አየው። «አውልቅ» አለኝ። ዚፑን በፒንሳ ጫን ጫን አደረገው፣ ከኪሱ የሻማ ቁራጭ አውጥቶ ጥርሶቹን ከላይ እስከ ታች ቀባ፣ ሁለት ጊዜ ወጣ ገባ አደረገው። ያልጠየቅሁትን የተተረተረ ክንድም ሰፋልኝ። የጠየቀኝ ዋጋ አዲስ አበባ ማኪያቶ አይገዛም።

ስመለስ ባለጋራዡ ሸራውን ይዞ ቆሟል። ፊቱ ጥሩ አይደለም። «ይኼ የአዲሱ ሞዴል ነው» አለ። «እኔ ያዘዝኩት የአሮጌውን።» ለሀጂ ደወለና ድምፁን ከፍቶ ስልኩን መሃላችን አስቀመጠው። አንዱ «ብለሃል»፣ ሌላው «አላልኩም፣ ወላሂ»። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ ሲብስ በሐረሪ። አጠገባችን ባጃጁ የተገነጠለበት ሹፌር ጎማው ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ሁለቱንም ይደግፋል።

በመጨረሻ ሀጂ «በቃ፣ ነገ እሱ ራሱ ይዞልህ ይመጣል» አለ። እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

«የነገውን ቤንዚን ማን ሊችል ነው?» አልኩ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብዬ።

ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ማውራት ጀመሩ። በመጨረሻ ባለጋራዡ ግማሹን ያዘ፣ ሀጂ ግማሹን። ምሳዬን ከአክስቴ ቤት እንድቋጥር ተፈረደብኝ። የማይሆነውን ሸራ መልሼ አሰርኩና የጫት መኪናው ሳይበዛ ቁልቁለቱን ለመጨረስ ተነሳሁ።